ምስማር አይዋሽም

ልብስ ሰፊዋ በገዛ ቤቷ ውስጥ እንደማትኖር የሰማችው ገና ፊቷን ሳትታጠብ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አግብታ፣ ሁለተኛውን ጫማ በእግር ጣቷ ከአልጋው ሥር እየፈለገች ሳለ፣ ከግድግዳው ወዲያ ኩሽና ውስጥ፣ ማታ መጥቶ ያደረው ታናሽ ወንድሟ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «ባዶ ቤት ነው» ይላል። «ኧረ ማንም አይኖርበትም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ላካቸው፤ ከተስማማቸው ነገ ጠዋት እንፈራረማለን።» ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱን ለእኔ ተወው» አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚያ ቤት ግድግዳ ግን እንኳን ወሬ ማዛጋትም አያስቀርምና የእሷ ጆሮ ባዳ ለመሆን አልታደለም። ከዚያ ስኳር የሚያማስል የማንኪያ ድምፅ ተከተለ። ወንድሟ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ነው የሚያማስለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ጫማዋን አገኘችው፤ ግን ወዲያው አልተነሳችም። ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየችው። መስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ፣ ከጎኑ የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ግድግዳው ላይ በሦስት ምስማር የተንጠለጠሉ የሦስት ደንበኞች ያላለቁ ልብሶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ እናቷ የሞተችበት አልጋ፣ አሁን የጨርቅ መደርደሪያ ሆኖ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍታለች፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት በአንድ ዓይኗ ስፌቱን፣ በሌላው በሽተኛ እናቷን እያየች። ወንድሟ አግብቶ ከወጣ ቆይቷል፤ ቤቱ ግን የሁለቱም ውርስ ነው። አምና «ለውኃ ቆጣሪው ጉዳይ ነው» ብሎ ውክልና ሲያስፈርማት፣ በከንፈሯ የያዘቻትን መርፌ እንኳን ሳታወጣ ፈረመችለት። የሰው ቀሚስ ጠርዝ ሲዛነፍ ከመንገድ ማዶ የምታይ ሴት የራሷን ወረቀት ዝቅ ብላ አላየችም። ለነገሩ የሚቸግራት ማየቱ አልነበረም፤ መናገሩ ነው። ደንበኛ የሌላ ሰፊ ጥፋት ሲያላክክባት ዝም፣ ጎረቤት ግቢዋ ውስጥ የራሱን ዕቃ ሲከምር ዝም። «ሆድ ይፍጀው» ትላለች፤ ሆዷም እስከዛሬ ሲፈጅላት ኖሯል።

ወንድሟ በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ። የቤት ስሙ «ቀልጣፋው» ነው፤ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ሻጭ ሲሆን፣ ሰው ገና አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እሱ ሦስት ጭኖ ይጨርሳል። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባለው ዓይነት ነው። ዛሬ ግን ቤትም ውስጥ አልጋ ሆኖ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ሥራ የለም። ሽርሽር ልወስድሽ ነው።»

«የት?»

«ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ አንድ የድሮ ግንብ አለ፤ ማንም አያውቀውም። ግቢው ወፍ በወፍ ነው። አንቺ ደግሞ ወፍ ትወጃለሽ።»

እውነቱን ነው፤ መስኮቷ ላይ ለሚያርፉ ወፎች ፍርፋሪ ሳታደርግ አንድም ቀን ሥራ አትጀምርም። ይህን ማስታወሱ ነው የበለጠ ያሳመማት። እምቢ ብትለው ለምን ይላታል፤ ለምን ካላት ደግሞ የሰማችውን መናገር አለባት። አፏን ከመክፈት መኪና ውስጥ መግባት ቀለላት። እንደ ሥራ ቀን ልማዷ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

መንገዱን ብዙ አልተነጋገሩም። እሱ ስለ ነዳጅ መወደድ፣ ስለ ሚስቱ ወገብ፣ ስለ አዲሱ አለቃው ንፉግነት አወራ፤ እሷ «እ» እያለች ወደ ውጭ ታያለች። ከቤቷ የምትርቅበትን እያንዳንዱን መታጠፊያ ልብ አለችው። የጡብ ፋብሪካውን አጥር ጨርሰው፣ የተሰበረ ጡብ በተከመረበት ቀጭን መንገድ ዞሩና ግንቡ ፊት ለፊት ቆሙ። የጠበቀችው ትልቅ ነገር ነበር፤ ያገኘችው ግን አንድ ክብ ማማ፣ ጣሪያው ግማሽ የወደቀ ሁለት ፎቅ ቤት፣ ዙሪያውን ደግሞ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆነ የድንጋይ ቅጥር ነው። አንድ በር ብቻ አለው፤ ወፍራም የእንጨት በር፣ ብረት የለበሰ። ቦርሳዋን ይዛ ልትወርድ ስትል «ተይው፣ ማን ይነካዋል» አላት። ተወችው። ስልኳም እዚያው ቀረ።

በሩ ላይ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሽማግሌው ዘበኛ ወጡ። የለበሱት ቡኒ ኮት ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ዓይን ሳይጠራ ሄዶ የግራ ኪሱ ላይ አረፈ። ኪሱ አንድ ጊዜ ተቀዶ፣ ዓይኑ በማያይ ወይም ልቡ በሌለ ሰው እጅ፣ በጥቁር ክር ተጠቅሟል። ቡኒ ኮት፣ ጥቁር ክር። ልትናገር ፈለገችና እንደ ልማዷ ዋጠችው። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ከተሰካ ሳንቃ ሁለት የናስ ቁጥሮች አወረዱ፤ ሳንቃው ላይ አሥር ምስማር አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ክብ ናስ ተንጠልጥላለች። ለእሷ አምስት፣ ለወንድሟ ስድስት ደረሳቸው።

«ስትገቡ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ስትወጡ ራሳችሁ ትሰቅላላችሁ» አሉ። «ሰባት ሰዓት ላይ ሌላ ሥራ ስላለኝ እዘጋለሁ። ሦስት ጊዜ እጣራለሁ፤ ከዚያ ሳንቃዬን አያለሁ። አሥሩም ካሉ ሰው የለም ማለት ነው። መዝገብ ምናምን እዚህ የለም፤ ምስማር አይዋሽም።»

ግቢው ውስጥ የደረቀ ኩሬ አለ፤ ዙሪያውን ሰው የማይቆርጣቸው ዛፎች ተጠላልፈዋል። ወፉ ብዛቱ! እርግቦቹ በተሰበሩት መስኮቶች እየገቡ ይወጣሉ፤ ዋኔዎች ኩሬው ውስጥ የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ አንድ ጭልፊት ማማው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሁሉንም በንቀት ያያል። ልብስ ሰፊዋ ለጥቂት ጊዜ የጠዋቱን ነገር ረሳች ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ጎብኚ ስለናፈቃቸው ይመስላል፣ አብረዋቸው እየሄዱ ይህ እዚህ ይተኛል፣ ያ እዚያ ይፈለፍላል እያሉ ያሳያሉ። ኩሬው ጋ ሲደርሱ ከማማው ውስጥ የሽማግሌው የራሳቸው ድምፅ «ሰው አለ?» ሲል ተጣራ። ሽማግሌው ደግሞ አጠገቧ ቆመዋል፤ አፋቸው ተዘግቷል።

ወደ ማማው ዞረች። «ሌላም ዘበኛ አለ እንዴ፣ ጋሼ?»

«የለም። ደጋሚው ነው» አሉ እየሳቁ፣ በጣታቸው ማማው መስኮት ላይ የተቀመጠ ጥቁር፣ የክንፉ ጫፍ ቀላ ያለ ወፍ እያሳዩ። «የሰማውን ይደግማል። እኔን ሲሰማ ስንት ዓመቱ።»

ከዚያው ወፍ ጉሮሮ ሌላ ድምፅ ወጣ። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ሰው ማስቸገር የማይፈልግ ዓይነት። «አለሁ» አለ።

ሽማግሌው መሳቃቸውን አቆሙ። «ይቺ ድምፅ የአንዲት ሥዕል የምትሥል ሴትዮ ናት» አሉ። «ከዘመድ ጋር መጣች። መዝጊያ ሰዓት ላይ ሳንቃዬን አየሁ፤ ቁጥሯ ተሰቅሏል። ዘጋሁ። ለሁለት ቀን እረፍት ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን ስከፍት እዚህ ኩሬው ዳር ተቀምጣለች። በሕይወት ነበረች፤ ድምፅ ግን አልነበራትም። ጨርሳዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ አለሁ፣ አለሁ ስትል ወፉ ተማረው። ያ ወፍ ከሞተ ቆይቷል፤ ይሄ ልጁ ነው፣ ወይም የልጅ ልጁ። እየተቀባበሉ ይሏታል።»

«ቁጥሯን ማን ሰቀለው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አልነገረችኝም። ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች። ጥፋቱ ግን የምስማሩ አይደለም፤ የሰቃዩ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን አላምነውም። ስጣራ ሁልጊዜ አለሁ ይለኛል፤ ሁልጊዜ ብመለስለት ኖሮ ቤቴ አልገባም ነበር።»

ወንድሟ «ተረት ነው፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ወደ በሩ፣ ወደ ሳንቃው አቅጣጫ ዞር ብሎ ሲያይ አየችው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ወፎቹ በሙሉ በአንዴ ዝም አሉ። ሰዓቱን አየና «እዚህ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ውጭ ወጥቼ ልደውል» አላት። ጥቂት እንደሄደ ተመልሶ መጣ። «ቁጥርሽን ስጪኝ፤ አንቺ ኪስሽ የተቀደደ ነው፣ ይጠፋብሻል።»

የእሷ ኪስ ተቀዶ አያውቅም። ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኑን አየችው፤ እሱ ግን እጁን ዘርግቶ የሚያየው ዛፉን ነበር። በእጇ ሙቀት የሞቀችውን ናስ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን ማማው ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። ደረጃው የተቦረቦረ ነው፤ ላይኛው ክፍል ደርሳ መስኮቱ ጋ ቆመች። ወለሉ በኩስና በላባ ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ላይ የድሮ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረ ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ከዚያ በታች፣ ቁጭ ያለ ሰው እጁ በሚደርስበት ቁመት ላይ፣ በእርሳስ የተሣሉ ወፎች አሉ። ትናንሽ ናቸው፤ ብዛታቸውን ልትገምት ሞክራ ተወችው። ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። መኪና ሲነሳ የሰማችው ያኔ ነው። ልቧ አወቀው። የሞተሩ ድምፅ በጡብ ክምሩ መካከል እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠች። ቤንዚን ሊሞላ ነው አለች ለራሷ፤ ውኃ ሊገዛልኝ ነው አለች። ሰው ሊያምነው የማይፈልገውን ነገር የሚሸፍንበት ጨርቅ አያጣም። ወርዳ ኩሬው ዳር ተቀመጠችና ወፎቹን ማየት ቀጠለች።

ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠች አታውቅም። «ሰው አለ?» የሚል ድምፅ ስትሰማ ቀና ብላ ማማውን አየች፤ ደጋሚው እዚያው ነው። ወፉ ነው ብላ ዝም አለች። ሁለተኛ ጊዜ «ሰው አለ?» ሲል የወፉ ምንቃር አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ከበሩ በኩል ነው። ብድግ አለች። ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ እየተንደረደረች ነበር፤ አፏን ከፍታ ልትመልስ ስትል ከጀርባዋ፣ ከማማው ላይ፣ ያቺ ሴት ቀደመቻት። «አለሁ።»

«አለሁ!» አለች እሷም።

የሁለቱ ድምፅ አንድ ነበር። ልስላሴው አንድ፣ ሰው ማስቸገር አለመፈለጉ አንድ። በሩ ተዘጋ፤ ከባዱ መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል እየተንቋቋ ገባ። «ሰማሁህ፣ ሰማሁህ» አሉ ሽማግሌው ከበሩ ወዲያ፣ በሰለቸ የዋህ ድምፅ። «በቃህ አሁን፣ እኔም ልሂድበት።»

በሩን በመዳፏ መታችው፤ ወፍራሙ እንጨት ግን የመዳፏን ምት ዋጠው። «አለሁ! አለሁ!» ስትል ወፉ ይቀበላታል። ከዛፎቹ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ወፍ «አለሁ» አለ። ደጋሚው ብቻውን እንዳልነበረ ያኔ ገባት። ግቢው በሙሉ በአንዲት ሴት ድምፅ አለሁ ይል ጀመር፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የትኛው የራሷ እንደሆነ መለየት አቃታት። ፈራች። ሞት አይደለም ያስፈራት፤ ቅጥሩ ሥር ሆና ነገ ከነገ ወዲያ ድምፅዋ ሲያልቅ፣ ቤቷ ሲሸጥ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ማን እንደሰቀላት ሳትናገር ስትቀር ታያት። የሽማግሌው እግር ጠጠሩን እየረገጠ ይርቃል።

ወፍ የሰማውን ብቻ ነው የሚለው። ታዲያ ወፍ ያልሰማውን ማለት አለባት። ምን? ስሟን ብትጠራ ሽማግሌው ስሟን አያውቁትም። እጇ በሐሳብ ብዛት አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ጎተተ፤ በሩ ስንጥቅ ላይ አፏን ለጠፈችና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የዋጠችውን ሁሉ ያህል ጮኸች።

«ጋሼ! የኮትዎ የግራ ኪስ በጥቁር ክር ተጠቅሟል! ኮቱ ቡኒ ነው! የጠቀመው ሰው እጁ ይሰበር! ቀኝ ትከሻዎ ደግሞ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል፣ ኮቱ ያዘመመውም ለዚያ ነው!»

የእግሩ ድምፅ ቆመ። ወፎቹም ዝም አሉ፤ ይህን አያውቁትም። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ አንድ እጃቸው ኪሳቸው ላይ ነበር፤ ፊታቸው ከእሷ ፊት ይበልጥ ነጥቷል።

«ሁለቱንም ሰቀለ እኮ፣ እናቴ» አሉ። «እህቴ መኪናው ውስጥ ናት አለኝ።»

«ወንድሜ ነው» አለች። «የሰቀለኝ ወንድሜ ነው። ቤቴን ሊሸጥብኝ ነው።» በአፏ ስትለው እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረማት።

ሽማግሌው አምስት ቁጥርን ከምስማሩ ላይ አውርደው እጇ ላይ አደረጉላት። መውጣቷን ራሷ እንድትሰቅል ነው። ሰቀለችው። ለአውቶቡስ የሚሆን ሳንቲም ሲሰጧት ደግሞ «ኮቱን ያውልቁ» አለቻቸው። ሊከራከሩ ሞከሩ፤ አልሰማቻቸውም። ቡኒውን ኮት ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ በጡብ ክምሩ መካከል ሄደች፤ ከኋላዋ ግንቡ አንድ ጊዜ «አለሁ» አለ፤ ዞር አላለችም።

ቤቷ በር ላይ የወንድሟ መኪና ከአንድ ሌላ መኪና ጋር ቆሟል። ቁልፏ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ፣ ባልተቀደደው ኪስ ውስጥ ነበር። ከፍታ ስትገባ ድምፅ የመጣው ከክፍሏ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። የደንበኞቿ ልብሶች ከግድግዳው ላይ ወርደዋል፤ ሦስቱ ምስማሮች ባዶ ናቸው። የስፌት መኪናዋ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል፤ የእናቷ አልጋ ተፈትቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወንድሟ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል፤ አንድ ወፈር ያለ ሰውዬና ሚስቱ ደግሞ መስኮቱን እየከፈቱ እየዘጉ ይሞክራሉ።

«ይሄ የስፌት መኪና የማን ነው?» አለች ሴትየዋ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ።

«የእህቴ ነበር» አለ ወንድሟ።

«ውይ፣ ነፍስ ይማር።»

ወንድሟ ጥቂት ዘገየ። እርማት የሚሰጥበት፣ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋም በሩ ላይ ቆማ ከልቧ ጠበቀችው። ያሳደገችው ልጅ ነው። «አሜን» አለ።

«አለሁ» አለች።

ሴትየዋ ደንግጣ አንሶላውን ለቀቀችው። ወንድሟ ግን አልዞረም፤ ጀርባው ብቻ ደርቆ ቀረ። አንድ ቃል ወፍም ይላታል። ወደ ክፍሉ ገባች።

«እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ» አለች ለሰውየው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል፣ እናቴም እዚህ አልጋ ላይ ነው የሞተችው። ቤቱ የሁለታችን ነው፤ እኔ አልሸጥም። የሰጠሁትንም ውክልና ነገ ጠዋት አነሳዋለሁ። ሱሪዎ ደግሞ ቀኝ እግሩ በአንድ ጣት ይረዝማል፤ ከፈለጉ ይተዉልኝና አስተካክለዋለሁ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። ለወንድሟ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ አላወቅንም» ብለው በጥንቃቄ በአጠገቧ አልፈው ወጡ፤ የመኪናቸው በር ሲዘጋ ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ እህትና ወንድም ቀሩ። እሷ አንሶላውን አንስታ አጣጠፈችው፤ ጥግ በጥግ፣ ሳትቸኩል። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ኮቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ጥቁሩን ክር በመቀስ ጫፍ መተርተር ጀመረች። ወንድሟ በመስኮቱና በእሷ መካከል ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አይታይም።

«እትዬ…» አለ። «ልመለስልሽ ነበር እኮ።»

ቀና አላለችም። ቡኒ ክር ከሳጥኗ መረጠች፤ ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ ወደ መርፌው ቀዳዳ አስጠጋችው፣ አልገባላትም።

«ብርሃኑን ጋርደህብኛል» አለችው። «ዞር በልልኝ።»